ማን ማንን ተሸከመ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ዛሬ ሱቅ የገባው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ መንገድ ጠይቆ ወጣ። ሌላዋ ሴትዮ የንባብ መነጽር ለክታ፣ ለክታ፣ መስታወት ፊት ተገላብጣ፣ "ይቅርብኝ፣ ሳላይ ነው የሚያምርብኝ" ብላ ሄደች። ምን ይባላል? እውነቷን ነው።

ቀሪውን ቀን ስለ አንድ ጥንታዊ ከበባ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ሳነብ ዋልኩ። ከተማዋ እስካሁን አልተያዘችም። እኔ ግን ደከመኝ።

ቤት ስገባ አባዬ በረንዳ ላይ ዳማ ይጫወታል። ብቻውን። ቆርኪዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ አንዴ ለራሱ ይሄዳል፤ ከዚያ ሰሌዳውን አዙሮ ለዚያኛው ይሄዳል።

"ማን እየመራ ነው?"

"እሱ።"

እሱ ማለት ወንበሩ ላይ የሌለው ሰው ነው። አናጢው።

የዓይን ሞራው ግራ ዓይኑን ከሸፈነው ቆየ። ቀኙንም ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ልጁ መነጽር ሠሪ ናት፤ ግን ለዓይን ሞራ መነጽር አይሠራም። ይኼን ለደንበኛ ሁሉ ሳስረዳ ኖሬ አሁን ለራሴ አስረዳለሁ። ኅዳር ላይ ለቀዶ ሕክምና ተቀጥሮለታል። አልሄድም ብሏል።

"ከእንግዲህ ምን የሚታይ ነገር ቀረ?"

"እኔ አለሁ።"

"አንቺን በኮቴሽ አውቅሻለሁ።"

ጥቅምት 8፣ ረቡዕ

የአባዬንና የአናጢውን ጠብ በቅጡ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ጓደኛው አናጢ። ከጦርነቱ በፊት አይተዋወቁም። ጦርነቱ አንድ ኮረብታ ላይ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ አገናኛቸው፤ አንዱ ክር የመሰለ ቀጭን፣ አንዱ ድንቡሽቡሽ። አናጢው አባዬን "መርፌ" አለው። አባዬም "መጋዝ" አለው፣ ከማንኮራፋቱ የተነሣ። ከዚያ ወዲህ በስማቸው ሲጠራሩ ሰምቼ አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን ሁለቱም ቆሰሉ። እኛ ቤት ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው፦ መጋዝ እሱም ቆስሎ ሳለ አባዬን ተሸክሞ ከኮረብታው አወረደው። አባዬ ይኼን ሲተርክ ዓይኑን ይጨፍናል። "ራሴን ስቼ፣ ነቅቼ፣ ደግሞ ስቼ... ትንፋሹ ትዝ ይለኛል። ላቡ ትዝ ይለኛል። ፀጉሩን ጨብጬ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ አንዲት ቃል አልወጣውም። ወንድ ማለት እንዲህ ነው!" በዚህ ወግ ነው ያደግነው። ታናሽ ወንድሜ ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ እኔን ተሸክሞ ደረጃ ሊያወርድ ሞክሮ የፊት ጥርሴ ተሰብሯል።

ጉዱ የፈላው ባለፈው ክረምት ነው። የአናጢው የልጅ ልጅ የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰችና ቤታቸው ምሳ ተጠራን። ልጅቱ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣች። "አያቴን ተሸክመው ላተረፉልን ለጋሽ መርፌ!" ሁሉም አጨበጨበ። አባዬ እጁን አላነሣም።

"ተሳስተሻል የኔ ልጅ። የተሸከመኝ እሱ ነው።"

"አንተ ነህ እንጂ" አለ አናጢው።

"አንተ ነህ!"

"እኔ ራሴን ስቼ ነበር!"

"እኔስ መቼ ራሴን ያዝኩ?"

ለካ እነሱ ቤት የሚነገረው ተገላቢጦሹ ኖሯል። ሁለቱ አርባ ዓመት ሙሉ በየቤታቸው አንዱ የሌላውን ጀግንነት ሲሰብኩ ኖረው፣ እርስ በርሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሡትም። "ለባለውለታህ ውለታውን ፊት ለፊት አትዘርዝርለት፣ ታሳፍረዋለህ" የሚል የአባዬ ሕግ አለ። ያኛውም ይኸው ሕግ እንዳለው ማን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጽሐፍ ላይ ባነበው "ደራሲው አበዛው" እል ነበር። አናጢው "አርባ ዓመት የያዝኩትን ምስጋና አልቀበልም ትለኛለህ?" አለ። አባዬ "የኔንስ የት ልጣለው?" አለ። አናጢው "ተሸክሜህ ቢሆን ይኼ ወገቤ አይነግረኝም ነበር?" ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ራሱ የሠራው ጠረጴዛ ነው፤ ምንም አልሆነም። አባዬ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

እማዬ "እኔ እኮ..." ብላ ጀምራ ነበር። "አንቺ ደግሞ አትግቢበት!" አሏት፣ ሁለቱም በአንድ አፍ። የዚያን ቀን የተስማሙበት ነገር ይኼ ብቻ ነው።

በርስት የተኳረፈ አውቃለሁ። በሴት፣ በአጥር፣ በውሻ የተኳረፈ አውቃለሁ። "ጀግናው አንተ ነህ" ተባብሎ የተኳረፈ ግን...

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

አባዬ ዛሬም ተሸነፈ።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

የአናጢው የልጅ ልጅ ሱቅ መጣች። መነጽር የምትገዛ መስላ አንድ ፍሬም አንሥታ አደረገች፤ አወለቀች።

"አያቴ ሥራ ትቷል። መላጊያውን ይዞ ይቀመጣል፣ አይልግም። ማታ ማታ ሬዲዮኑን ከፍቶ ከዜና አንባቢው ጋር ይጣላል።"

"የኛው ከራሱ ጋር ነው የሚጣላው።"

"ኮረብታው መታሰቢያ ተሠርቶለት ለጎብኚ ተከፍቷል አሉ። ብንወስዳቸውስ?"

"ታረቁ ብለን? ቢሞቱ አይሄዱም!"

"ታረቁ ማን አለ? ተረታቱ ብለን ነው እንጂ።"

ይቺ ልጅ በነርስነት ብቻ የምትቀር አይመስለኝም።

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

አባዬ የጎረቤት ሱሪ ያሳጥራል፣ በዳሰሳ። ቅምቅማቱ ከዓይናማ ሰፊ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፤ ብቻ ክሩ ቢጫ ነው፣ ሱሪው ሰማያዊ። አልነገርኩትም።

"አባዬ፣ መጋዝ ቦታው ድረስ ሄዶ ያረጋግጣል አሉ።"

መቀሱ ቆመ። "ምኑን?"

"አንተ እንደተሸከምከው።"

"ይሞክራታ! የትኛው ድንጋይ ሥር እንደወደቅኩ፣ ከየት እንዳነሣኝ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ አሳየዋለሁ።"

"አይታይህም እኮ።"

"ድንጋዩ ያየኛል።"

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። "ከረታኸው ትታከማለህ?"

አሰበ። "ከረታሁት እታከማለሁ።"

"ከተረታህስ?"

"ከተረታሁማ አርባ ዓመት ጓደኛዬን ባልሠራው ሥራ ሳመሰግነው ኖሬያለሁ። ይኼን ያህል ሳያይ ለኖረ ሰው ዓይን ምን ይሠራለታል?"

እንግዲህ እዚህ ደረስን። ነገሩ ቀላል ነው ብዬ ነበር። መጋዝ ከረታ የአባዬ ዓይን ሊጠፋ ነው። አባዬ ከረታ መጋዝ ዳግመኛ እኛ ቤት አይረግጥም። ዳማውን ከማን ጋር ይጫወተው? ባየውስ ምን ያየዋል?

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። "እኔ እኮ..."

"እማዬ፣ አንዴ ቆዪኝ" አልኳት።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ሄደን መጣን። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ እንጃ።

በወንድሜ መኪና ነው የሄድነው። የወንድሜ መኪና ከእኔ ጥርስ ቀጥሎ ቤታችን ውስጥ ብዙ የተጠገነ ነገር ነው። የአናጢው የልጅ ልጅ ተረኛ ሆና ቀረች። አናጢው ክራባት አስሯል። ፊት ሲቀመጥ መኪናው ወደሱ በኩል ዘመመ።

"አባዬ፣ አንተ ከኋላዬ ሁንልኝ" አለ ወንድሜ። "ሚዛን ያስፈልገናል።"

"እኔ የማንም ሚዛን አይደለሁም" አለ አባዬ፤ ብሎም ተቀመጠ። እኔና እማዬ እንደ ሻንጣ በቀረው ቦታ ገባን።

መንገዱን በሙሉ በእኔ በኩል ነው የተነጋገሩት።

"ልጄ፣ ፊት የተቀመጠውን ሰው መስኮቱን ዝጋ በይው።"

"የኔ ልጅ፣ ኋላ ላለው ሰው መስኮቱ ዝግ ነው በይው። የሚነፍሰው ከራሱ ውስጥ ነው።"

እኔም አስተላለፍኩ። ቃል በቃል። ድሮ የነገሥታት መልእክተኞች አንገታቸው ለምን ይቀላ እንደነበር ገባኝ።

ኮረብታው... ትንሽ ነው። እንዴት ትንሽ ነው! በልጅነቴ ጫፉ ደመና የሚነካ መስሎኝ ነበር። አሁን ዙሪያውን የብረት አጥር፣ የሲሚንቶ መንገድ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ "ሣሩን አትርገጡ" የሚል ጽሑፍ። ለሣሩ ሲባል ስንት ሰው እንደተረገጠ አልተጻፈም። አስጎብኚዋ ኮፍያ ያደረገች ወጣት ናት፤ ያጠናችውን ትላለች፣ ግን ደህና አድርጋ ነው የምትለው።

አባዬ ገና ከመኪና እንደወረደ እጁን ዘረጋ። "ያውና! ያ ድንጋይ! አራት ማዕዘኑ! ከዚያ ነው ያነሣኝ!"

ሁላችንም አየን።

"አባዬ፣ ሽንት ቤት ነው።"

"ያኔ አልነበረም" አለ፣ ምንም ሳይደነግጥ።

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ የወደቅኩት ያ ዛፍ ሥር ነው። አጎንብሶ አነሣኝ።"

አስጎብኚዋ በትሕትና፣ "አባቴ፣ ዛፎቹ የተተከሉት ከጦርነቱ በኋላ ነው" አለችው።

"ይሁና! ቦታው ነበር አይደል?"

እንዲህ እየተባባሉ ሽቅብ ወጣን። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ለማሸነፍ ይራመዳል። ከዚያ እሱም ያርፋል።

ጫፉ ላይ ግድግዳው አለ። ከታች እስከ ላይ ስም ነው። መጨረሻው ላይ ግን ምንም ያልተጻፈበት ልሙጥ ድንጋይ ቆሟል፤ ላልተለዩት ነው አለች አስጎብኚዋ። አባዬ ቀረብ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሁሉ ከላይ ወደ ታች። ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። እኔን የሚጠራኝ መስሎኝ ነበር።

"መጋዝ... ምን ይታያል?"

ከክረምት ወዲህ በቀጥታ ሲያናግረው የመጀመሪያው ነው። አናጢው አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

"ሣር።"

"ሌላስ?"

"ሣር ነው መርፌ። ምሽጉ ራሱ ሣር ሆኗል። ሕፃናት ይንከባለሉበታል።"

"የሚቆጣቸው አለ?"

"የለም።"

"ደግ" አለ አባዬ።

እዚያ ላይ ብንመለስ ኖሮ! ደጋግሜ የማስበው ይኼን ነው። ግን የዕቃ ክፍሉን ሳናይ? መግቢያ ከፍለን?

ክፍሉ ጠባብ ነው። የተጣመመ የመመገቢያ ሳህን፣ ጠመንጃ፣ አንድ እግር ጫማ። ጥግ ላይ ደግሞ ከእንጨትና ከብረት የተሠራ፣ ሁለት ወንበር ጀርባና ጀርባ የተጣበቀ የሚመስል ነገር። "ይህ በበቅሎ ጀርባ ላይ የሚጫን የቁስለኛ ወንበር ነው" አለች አስጎብኚዋ። "አንድ ሰው በዚህ ጎን፣ አንድ ሰው በዚያ ጎን ይታሰራል።"

"እኔ እኮ..." አለች እማዬ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዳገቱ የተነሣ ያለከልካሉ። የሚያቋርጣት ጠፋ።

"እኔ እኮ ይኼን ወንበር አጥቤዋለሁ።"

እማዬና አባዬ የተዋወቁት ቁስለኛ ድንኳን ውስጥ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፋሻ አጣቢ ነበረች። ከዚያ ያለፈ ጠይቀናት አናውቅም፤ ለፍቅር ታሪክ የሚበቃ መስሎን።

"ሁለታችሁም የመጣችሁት በዚህ ነው" አለች። "አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። በበቅሎ።"

"የምን በቅሎ?" አለ አባዬ።

"ግራጫዋ ናታ። ወይዘሮ ነበር የምንላት። ሐኪሙን የነከሰችው።"

"ትንፋሹ..." አለ አባዬ።

"የሷ።"

"ላቡስ?" አለ አናጢው።

"የሷ።"

"ፀጉሩን ጨብጬ..."

"ጋማዋን ነዋ! መጋዝ ያን ጊዜ ምን ፀጉር ነበረው? በቅማሉ ምክንያት ሁላችሁም ተላጭታችሁ አልነበር?"

"ያን ሁሉ መንገድ አንዲት ቃል አልወጣውም" አልኩ እኔ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። እኔም ሳቄን ልለቀው ነበር።

ከዚያ የሁለቱን ፊት አየሁ።

ስንመለስ መስኮት ዝጋ ያለ የለም። የአናጢው ቤት ስንደርስ ወረደ፣ በሩን በቀስታ ዘጋ፣ ወደ ኋላ መስኮት ጎንበስ አለ።

"ደህና ይግቡ" አለው ለአባዬ።

"ደህና ይሁኑ" አለ አባዬ።

በአንቱታ! መርፌና መጋዝ በአንቱታ!

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

አባዬ የዳማውን ሰሌዳ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለው። በራሱ መሸነፍ እንኳ ተወ።

"ማን ረታ?" ብዬ ጠየቅኩት፣ ለመሞከር።

"በቅሎዋ።"

"እሷ ከረታች አትታከምም?"

"በውሉ የለችበትም።"

ትንሽ ቆይቶ፣ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው፣ "ለካ ማንም ለማንም ምንም አላደረገም" አለ።

እውነት ሲወጣ ሰው ይቀልለዋል ይላሉ። አባዬም ቀለለ፤ ሰው እንደወጣበት ኮት። ለመሆኑ ምን ነበር ያስቸኮለን? እርግጥ ነው፣ ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ግን አርባ ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላውን ሲያይ ባለውለታውን ነው ያየው። ሲታመም የጠየቀው፣ ልጁ ሲዳር ቁም ሣጥን የሠራለት፣ ሚስቱ ስትሞት ሱፍ የሰፋለት ለማን ብሎ ነበር? ለወይዘሮ?

ጥቅምት 29፣ ረቡዕ

ነርሷ ደወለች። አያቷ ከዜና አንባቢው ጋር መጣላት አቁሟል። ይኼ ጥሩ ምልክት አይደለም ተባባልን።

የመጽሐፉ ከተማ ተያዘች። ከውስጥ ነው በሩ የተከፈተው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከእማዬ ጋር የታጠበ ልብስ ስናጥፍ ጠየቅኳት።

"ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?"

አንሶላውን ከነጥያቄዬ ወደ ራሷ ሳበችው። "አባትሽ 'መጋዝ ተሸከመኝ' ሲል ለደግነቱ የሚዋሽ መስሎኝ። ሰው ጓደኛውን ከፍ ሲያደርግ ይታረማል እንዴ? መጋዝ ቤት ደግሞ ሌላ እንደሚወራ በምን አውቄ?"

"ከተጣሉ በኋላስ?"

"'እኔ እኮ' አልኩ። 'አትግቢበት' አሉኝ። አንቺም 'ቆዪ' አልሽኝ። ቆየሁ።"

አንሶላው ላይ አቀረቀርኩ።

"ደግሞስ መቼ ጨረስኩ?"

"ምኑን?"

"ነገሩን! ገና ከመጀመሬ እናንተ በመስኮት በኩል ትስቃላችሁ፣ እነሱ ቀብር የወጡ ይመስላሉ። ለማን ልጨርሰው?" ቀጥ ብላ ተነሣች። "ጫማዬን አቀብይኝ።"

አባዬን ክንዱን ይዛ አስነሣችው። የት ብሎም አልጠየቀ። የአናጢው መሥሪያ ቦታ ስንደርስ እሱ መላጊያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ሰጋቱራው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው፤ ኮላው ጣሳው ውስጥ ደርቋል። አባዬን ሲያይ ብድግ አለ።

"ይቀመጡ።"

"አይቸገሩ፣ ይበቃኛል።"

"አንቱታችሁን እዚያ አስቀምጡና ሁለታችሁም ተቀመጡ!" አለች እማዬ። ተቀመጡ፤ አንድ ሳንቃ ላይ፣ መሃላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተው።

እማዬ ቆማ ነው የተናገረችው። "በቅሎ ነጂው ያገኛችሁ ምሽጉ አፍ ላይ ነው። አንድ እርምጃ አልተነቃነቃችሁም። መርፌ የመጋዝን ቀበቶ ጨብጧል፣ መጋዝም የመርፌን። አንዳችሁ ሌላውን ልትጎትቱ ስትሉ ነው ሁለታችሁም ራሳችሁን የሳታችሁት። ድንኳን ስትደርሱም አልለቀቃችሁም። ቀበቷችሁን በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።"

አባዬ ወገቡ ላይ ያለውን ቀበቶ ዳሰሰ።

"ቢሆንም ያወረደችን በቅሎዋ ናት" አለ አናጢው፣ መላጊያውን እያየ።

"በቅሎዋ አንድ ሰው ብቻ አትጭንም ነበር። በአንድ ጎን ከተጫነ ኮርቻው ይገለበጣል። ነጂው የዚያን ቀን ሌሎችም አግኝቶ ነበር፣ አንድ አንድ ሆነው፣ ተራርቀው የወደቁ። 'ጥንድ ሳገኝላችሁ እመለሳለሁ' ብሎ ትቷቸው ወረደ።" እዚህ ላይ ቆመች። "አልተመለሰም። ኮረብታው ተያዘ። ያ ምንም ያልተጻፈበት ድንጋይ የነሱ ነው። እናንተ ጥንድ ስለነበራችሁ መጣችሁ። አንዳችሁ ባትኖሩ ያኛው እዚያው ነበር። ሌላ ምንም ጀግንነት የለበትም። ጨረስኩ።"

የአባዬ እጅ ሳንቃውን እየዳሰሰ ክፍተቱ ድረስ ሄዶ ቆመ።

"ሚዛን..." አለ። ቀጥሎ ግንባሩ ተሸበሸበ። "ቆይ እስቲ። እኔ ያን ጊዜ ከዶሮ አልከብድም ነበር። እሱ ደግሞ በሬ ያክላል። እንዴት ነው ሚዛን የሆንነው?"

"ለሱማ ድንጋይ ጨመሩልሃ።"

"ምን?"

"ባንተ በኩል። ይኼን የሚያክል ድንጋይ፣ ከጭንህ ጋር ታስሮ። ስፈታው እግሬ ላይ ወደቀ። አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ ጥቁር ነው፣ ላሳይህ?"

አናጢው መጀመሪያ ትንፋሽ ያጠረው መሰለኝ። ለካ ሳቅ ነው። መላጊያው ከጭኑ ወደቀ። "ድንጋይ! መርፌ ከነድንጋዩ! ኧረ የሰው ያለህ... ለአርባ ዓመት ያመሰገንኩት ግማሹ ድንጋይ ነው!"

"ዝም በል አንተ መጋዝ! የወፈርከው አንተ፣ የተጫነብኝ እኔ!"

አንተ አለው። በጆሮዬ ሰማሁ። ክፍተቱም የት እንደገባ አላየሁም፤ ትከሻ ለትከሻ ሆነው አንዱ በአንዱ እንባውን ይጠርጋል።

"ታዲያ ማን ረታ?" አልኩ።

አባዬ አሰበ። "ሁለታችንም ተረታን።"

"ይኼማ በውሉ የለም።"

"ተይኝ እስቲ፣ ነገር አታብዢ። ሐኪሙ መቼ ነው ያለው?"

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ሰሌዳው ከቁም ሣጥን ወረደ። አባዬ ዛሬም ተሸነፈ። በእውነተኛ ሰው።

አናጢው አንዲት ግራጫ በቅሎ ጠርቦ አምጥቷል። ጆሮዋ ረዝሟል፤ "ከመገረሟ የተነሣ ነው" ይላል። አባዬ በዳሰሳ ኮርቻ ሰፋላት፣ በቢጫ ክር። ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ ትዳኛለች። ሲጨቃጨቁ "ወይዘሮን ጠይቃት" ይባባላሉ። እንደ ዱሮዋ ናት፤ ቃል አይወጣትም።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

አባዬን ወደ ውስጥ አስገቡት። ልብሱን አስወልቀው በጥቅል ሰጡን። ኮቱን እማዬ ያዘች፤ ኮፍያውን እኔ።

አናጢው መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የአባዬን ቀበቶ በጡጫው ጠቅልሎ ይዟል። ወንድሜ "ጋሼ፣ ልያዝልህ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ተወው" አለ። አልለቀቀውም፤ አባዬ እስኪወጣ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ፋሻው ተነሣ። ነርሷ የኛዋ ናት፤ ለምና ነው ዛሬ ተረኛ የሆነችው። አባዬ ዓይኑን ትንሽ አርገበገበና መጀመሪያ እማዬን አገኛት።

"ሸብተሻል።"

"ድሮ ነው። የት ነበርክ?"

ከዚያ እኔን አየ። "አንቺ፣ የጎረቤቱን ሱሪ በቢጫ ክር ስሰፋ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?" አለኝ። ለካ ሰውዬው ሱሪውን ለብሶ ሊጠይቀው መጥቷል፤ በር ላይ ቆሟል።

አናጢው ከሁላችንም ኋላ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ አልጋው ቀረበ፤ ቀበቶውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠለት። አባዬ ከእግር እስከ ራሱ አየው። እንደገና ከራስ እስከ እግሩ።

"መጋዝ።"

"አቤት።"

"ዛሬ ቢሆን ሁለት ድንጋይ ነው የሚያስፈልገኝ።"